ከልብ ይቅር የተባባሉት ሁለቱ ሽማግሌዎች

ልጅ ሳለሁ፣ ሰቆጣ ዳር ባለችው ቤታችን፣ አያቴ ማታ ማታ ተረት የሚያወሩት ለእኛ ለልጆቹ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለጎረቤታችን ለአያ መሸሻ ኖሯል። አያ መሸሻ ከፍሙ ማዶ ተቀምጠው በየመሃሉ «ውሸት!» ካላሉ የአያቴ ቀበሮ አንድ እርምጃ አትራመድም ነበር።

አንድ ቀን የአያቴ የንብ መንጋ ወጥቶ የአያ መሸሻ ቀፎ ውስጥ ገባ። አያቴ «አማልሎ ወሰደብኝ» አሉ፤ አያ መሸሻ «ንብ የወደደችው ቤት ትገባለች» አሉ። ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው። ሁለቱም ቆመው «ከልቤ ይቅር ብያለሁ» ብለው ተሳሳሙ። ከዚያ ወዲህ ግን አያ መሸሻ ደጃችንን አልረገጡም፤ ተረቱም ነጠፈ። ኩራዙ እየጨሰ፣ ጭራሮው እየተንጣጣ፣ እሳቱን እያየን እናመሻለን። እኔ ደግሞ ተረቴን ፈለግሁ።

በዚያው ሰሞን «ሲንሲርሊ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ተምሬ ነበርና፣ መድኃኒት ያገኘሁ መስሎኝ በታላቅ ቁምነገር ለአያቴ አስረዳኋቸው።

«ከልብ ማለት ነው፣ አባባ። ፈረንጆች ደብዳቤ ሲጨርሱ ከስማቸው በላይ ይጽፉታል።»

«ለሚወዱት ሰው?»

«ለማንም። ሥራ የለንም ብለው ለሚመልሱትም ሰው።»

«ታዲያ ልቡ የቱ ጋ ነው?»

«ሲያወሩም ያስገቡታል። ከልቤ አዝናለሁ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ ይላሉ።»

አያቴ ፍሙን ቆሰቆሱ። «እኛም ብለናል እኮ፤ ያውም በሽማግሌ ፊት።»

«ታዲያ አያ መሸሻ ለምን አይመጡም?»

«እግር አለው አይደል? ልሸከመው እንዴ?»

በማግስቱ ማታ ከአጥሩ ማዶ የአያ መሸሻ ሳል ተሰማ። አያቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ መልሰው፣ መስማት ለተሳነው ሰው የሚያወሩ ይመስል ጮክ ብለው ጀመሩ።

«አንድ ጅብ ነበር። አበርገሌ ቆላ ወርዶ የሰው ፍየል ይጠብቅ ነበር። ቆጥሮ ወስዶ፣ ቆጥሮ ይመልሳል።»

«ውሸት!» አለ አጥሩ።

«ቀርቦ ያልሰማ ሰው ምን ያውቃል?» አሉ አያቴ።

በሩ ሲጢጥ አለ። አያ መሸሻ ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ሰላምታም ሳይሰጡ እጃቸውን ለፍሙ ዘርግተው፣ «ግልገሉንስ? ግልገሉንም ይመልሳል?» አሉ። አያቴ ፈቀቅ አሉላቸው።

ይቅርታ የሚል ቃል በዚያ ምሽት ማንም አላነሳም። ዛሬ ቢሮ ቁጭ ብዬ በየደብዳቤው ግርጌ «ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ቃሉ ማለፊያ ቃል ነው፣ ክፋት አላየሁበትም። የምወደው ሰው ሲያኮርፈኝ ግን ደብዳቤ አልጽፍም። በደጁ ሳልፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንድ ትልቅ ውሸት እዋሻለሁ፤ መቻል አቅቶት እስኪወጣ።