አይቼዋለሁ ያልኩት ባሕር

ከድሬዳዋ የወጣሁት ሻንጣና አንድ ውሸት ይዤ ነው። እኔ የግድግዳ ሠዓሊ ነኝ፤ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ ቁርስ ቤት ግድግዳ ላይ ትልቅ ባሕር ሥያለሁ። ሐዋ የምትባል ሠዓሊ ሻይ ልትጠጣ ገብታ አየችው። ሐዋ የድሬ ልጅ ናት፤ አሁን ግን ጅቡቲ አገር፣ ከታጁራ ከተማ አለፍ ብሎ፣ ሠዓሊዎች ተሰባስበው በሚኖሩበት የባሕር ዳር ሰፈር ነው ኑሮዋ።

"ባሕሩን አይተኸዋል?" አለችኝ።

"አይቼዋለሁ እንጂ!" አልኳት። ያየሁት ካላንደር ላይ ነው። አምናኝ ሁለት ሳምንት አብሬያቸው እንድሥል ጋበዘችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ ውሸቴ ቢታወቅ ምን እላታለሁ?

ጠዋት፣ ወደ ባቡሩ

አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ ባጃጁ ሁለት መቶ ብር አስከፈለኝ። የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ስንሻገር እንደ ልማዴ ወደ ታች አየሁ። አሸዋው ደርቋል። እኔ ግን ደረቅ ደቻቱን አላምነውም። ልጅ ሆኜ፣ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ ደጋ የዘነበው ወርዶ ቤታችንን ከነዕቃው ወስዶታል።

ባቡሩ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ጨርቅ ነጋዴ ሳምቡሳ ዘረጋችልኝ።

"ዋሪያ፣ ምን ሆነሃል? ፊትህ ልክ አይደለም።"

"ባሕር ልሥል እየሄድኩ ነው።"

"ወላሂ፣ ይሄ ደሞ ያስጨንቃል? ብላ አቦ!"

አንዷን በላሁ። ድንበሩ ደወሌ ላይ ፓስፖርታችን ማኅተም ተመታ፤ ከዚያ ወዲያ ጥቁር ድንጋይና ሙቀት ብቻ ነው። ጅቡቲ አደርኩ።

በማግስቱ፣ ባሕሩ ዳር

ባሕር አይቻለሁ ያልኩት ሰውዬ በጀልባ የተሻገርኩት ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጣውላውን ጨምድጄ ነው።

ሰፈሩ ስድስት የድንጋይ ቤትና አንድ ትልቅ ዳስ ነው። ሠዓሊዎቹ ፀሐይ ሳይበረታ ይሥላሉ፤ ሥዕሎቹን እንዲደርቁ ዳሱ ሥር ይደረድራሉ፤ የተጠበሰ ዓሣ በቂጣ በልተው ቀትር ላይ ሁሉም ይተኛል። የሐዋ ሥዕል ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ለኤግዚቢሽን ብላ ወር ሙሉ የደከመችበት ነው፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ነው።

እኔ እንቅልፍ ከየት ይምጣ! ዳሱ ሥር ቁጭ ብዬ ቀና ስል፣ ጠዋት ሩቅ የነበረው ውሃ ድንጋዮቹን ውጧል። ወደኛ እየመጣ ነው። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም። ደጋ ዘንቧል ማለት ነው!

"ጎርፍ! ጎርፍ መጣ! ውጡ!"

ሥዕሎቹን ሁለት ሦስቱን ደራርቤ፣ እያቀፍኩ ወደ ዳገቱ ሮጥኩ። ሦስቴ ተመላለስኩ። ሰዎቹ ዓይናቸውን እያሹ ወጡ፤ አንዱ "ባሕር እኮ ነው፤ በየቀኑ ሞልቶ ይመለሳል!" ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ውሃው ዳሱ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

የሐዋ ሥዕል ከሌላው ጋር ተጣብቋል። ስናላቅቀው ግማሹ ሰማይ ተልጧል፤ የአምስት ጣቴ አሻራ መሐሉ ላይ ቁጭ ብሏል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ሐዋ፣ ባሕር አይቼ አላውቅም። ዋሽቼሻለሁ።"

ሥዕሉን አንስታ ጥላው ውስጥ አቆመችው።

"ጎርፍ ብለህ ነው የጮህከው። ድሬ ቤታችሁ የት ነበር?"

"ደቻቱ ዳር።"

"የኛም" አለች። "እዚህ ስመጣ አንድ ሳምንት ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የተኛሁት። ና፣ ቁጭ በል። እስኪመለስ እንየው።"

ውሃው ዳር ተቀመጥን። አንድ ሞገድ እግሬ ሥር ደረሰ፤ ተነስቼ ልሮጥ ስል እጄን ያዘችኝ። ውሃው ቀስ እያለ ሸሸ፤ እርጥብ አሸዋና የባሕር ሣር ትቶልን ሄደ።

"ሥዕሌን ግን ታስተካክላታለህ" አለችኝ። ሁለቱን ሳምንት ያንን ሰማይ ስጠግን ከረምኩ።

ድሬዳዋ

በተመለስኩ ማግስት ብሩሼን ይዤ ቁርስ ቤቱ ገባሁ። ከሰማያዊው ሥር እርጥብ አሸዋ፣ ከአሸዋው ግርጌ የባሕር ሣር መስመር ጨመርኩ። ባለቤቱ አሚን ፉል እየጨለፈ ጮኸ።

"አቦ፣ ደህናውን ባሕር ለምን ታበላሻለህ? ይሄ ጭረት ምንድን ነው?"

"ውሃው እስከዚህ ይመጣና ይመለሳል።"

አሚንም ያደገው ደቻቱ ዳር ነው። ጭልፋውን አስቀመጠ።

"ይመለሳል? ማንንም ሳይወስድ?"

"ማንንም።"

"በምን አወቅህ?"

ዛሬም ድልድዩ ላይ ወደ ታች ማየቴን አልተውኩም። ለአሚን ግን ቀና ብዬ መለስኩለት።

"አይቼዋለሁ።"