ለቅዳሜ የተቀጠረ መርዶ

«እግዜር ያጥናሽ ልጄ። ወንድም እንደወጣ ሲቀር ከባድ ነው» አሉኝ፣ ሊፍት ውስጥ።

ክሬሰንት ታውን፣ እዚህ በሰው አገር፣ አክስቴ የምትኖርበት ሕንፃ ነው። ሴትዮዋ ጎረቤቷ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው የልብስ ሳሙና ይዘዋል፣ በሌላው ትከሻዬን። ያለኝ ወንድም አንድ ነው። አየር ኃይል ነው፤ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ካርታ ይዞ መንገድ የሚመራ። ልጅ ሳለን ከመርካቶ ተመልሶ ቤት መግባት ያቅተው የነበረው ልጅ።

«የማን ወንድም?» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። ፎቃቸው ሳይደርስ ሌላ ቁልፍ ተጭነው ወረዱ።

ሳልደውል መምጣቴ የዚያን ቀን ብቻ ነው። አክስቴ በሩን ስትከፍት ጥቁር ለብሳ ነበር። ስታየኝ ሮጣ ቢጫ ሹራብ ደረበችበት።

«እትዬ፣ መቼ ነው የሞተው?»

«ማን?» አለች፤ ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «በጥቅምት።»

ሦስት ሆነው ከደብረ ዘይት ተነስተው ወደ ሰሜን ሄዱ። ቦምቡን ጥለው ሲመለሱ ሬዲዮአቸው ዝም አለ። አውሮፕላኑም ሰዎቹም አልተገኙም።

አሁን ግንቦት ነው። ደብዳቤው ለምን ቀረ ስል «ግዳጅ ላይ ነው» ይሉኝ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ጫማ ገዝቼለት፣ ሰው ወደ አገር ቤት ሲሄድ ላኪልኝ ብዬ ለአክስቴ ሰጥቻታለሁ። «ቁጥሩ ይሆነዋል?» ስላት እጇን ውስጡ ከታ «ይሆነዋል» ስትለኝ ካርቶኑን በገመድ አሰርኩት።

«ብቻሽን ክፍል ተከራይተሽ እየኖርሽ እንዴት ይነገርሻል? መርዶ እኮ ሰው ተሰብስቦ ነው። ሲነጋ ነው።»

«ሰባት ወር ነው ሰው የሚሰበሰበው?»

«መጀመሪያ ፈተና ላይ ነበርሽ። ከዚያ ሥራ ጀመርሽ። ከዚያ ፋሲካ ደረሰ...»

ባሏ ከመኝታ ቤት ወጣ። «ይቺ ልጅ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ነው የምትመረምረው» አለ፣ ነገሩን ሊያቀል። ስልኩ አጠገብ በየሰፈሩ ያሉ አበሾች የስም ዝርዝር አለ፤ የስካርቦሮ ሰዎች፣ የጄን ኤንድ ፊንች ሰዎች። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ እኔ ክፍል ሊመጡ ነበር።

«ሁሉንም ኮል አድርጌአቸዋለሁ፣ ከሥራ ኦፍ ወስደዋል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚነግሩሽ ሽማግሌም ተዘጋጅተዋል። አሁን ምን ታደርጊያለሽ... እንዳልሰማሽ ሁኚና ቅዳሜ በሩን ክፈቺልን።»

አየሁት። እየቀለደ አይደለም። አክስቴም ቀና ብላ ታየኛለች፣ እሺ እንድላት።

«ጫማው የት ነው?» አልኩ።

ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችው። ካርቶኑን ያሰርኩበት ገመድ እንደታሰረ ነው።

«ቅዳሜስ?» አለችኝ።

«ቅዳሜ ቤት አልኖርም።»

ካርቶኑን ታቅፌ፣ ሊፍቱን ሳልጠብቅ በደረጃው ወረድኩ።