ተረከዝ የማይሰምጥበት ፍራሽ

ፍራሽ ሠሪውን ሰፈሩ ሁሉ «ተረከዝ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። አንድ ፍራሽ ሰፍቶ ሲጨርስ ጫማውን ያወልቅና ላዩ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በአንድ ተረከዙ ብቻ ይቆማል። ተረከዙ ከሰመጠ ፍራሹ ገና ነው፣ ተፈትቶ እንደገና ይሞላል። ካልሰመጠ ወርዶ ጫማውን ያጠልቅና «አሥር ዓመት» ይላል። ሌላ ነገር አይልም። ወሬ አያውቅበትም፤ ሰው ፊት ሲናገር ጆሮው ይቀላል።

ሙያውን ያስተማረው አጎቱ ነው። ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ አጎቱ ሥር ገባ፤ ጥጥ መንደፍ፣ ልባስ መቁረጥ፣ እንደ ክንድ የረዘመውን መርፌ ከላይ ሰዶ ከታች መቀበል ለመደ። ይኸው በሙያው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰዎች ቤታቸው ይጠሩታል፤ ያረጀውን ፍራሽ ግቢያቸው ውስጥ ዘርግቶ ይፈታዋል፣ ጥጡን ነድፎ መልሶ ይሞላዋል። ስለዚህ የሰውን ገመና ከሐኪምም ከቄስም በላይ ያውቃል። ባልና ሚስት በአንድ አልጋ ላይ ምን ያህል ተራርቀው እንደሚተኙ ጉድጓዱን አይቶ ይናገራል፣ ማለቴ መናገር ይችል ነበር፣ ግን አይናገርም። አንዴ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ፍራሽ ውስጥ የመጫወቻ ካርታ አግኝቶ መልሶ እዚያው ሰፍቶታል።

እሱ ራሱ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሚስቱ እንዳትቀየመው ነው። የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ስብከት ሲጀመር ያንቀላፋል፣ «አሜን» ሲባል ይነቃል። እግዚአብሔርን አይጠላውም። ብቻ እንደ ሩቅ ደንበኛ ነው የሚያየው፤ ሥራህን ወደድኩት አልወደድኩትም ብሎ አይናገርም፣ ቅሬታ ካለው በሰው ይልካል። የሚልካቸው ደግሞ ሁልጊዜ አማቱን ነው።

አማቱ ጸሎተኛ ናቸው። የረቡዕ የጸሎት ቡድን እሳቸው ሳይመጡ አይጀምርም፣ እሳቸው ሳይበቃቸውም አያልቅም። አንድ ልጃቸውን ፍራሽ ሠሪ ማግባቱ ሃያ ዓመት ሙሉ አልዋጥላቸው ብሏል። እሑድ ምሳ ላይ ማዕዱን ሲባርኩ «የሚያንቀላፉትንም አስባቸው» ይሉና አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ያዩታል። እሱ ሾርባውን ያያል።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው አንድ ጠዋት ልብስ ሲያሰጡ የወደቁት። ግራ ጎናቸው ሽባ ሆነ። እጅና እግራቸው ሥራ ሲያቆም ምላሳቸው የሁለቱንም ሥራ ደርቦ ያዘ። ልጃቸው አንድ ስለሆነች ወዲያው ወደ ተረከዝ ቤት መጡ፤ ከሁለቱ ክፍል መስኮት ያለው ለሳቸው ተለቀቀ።

ተረከዝ ያን ሳምንት ለሌላ ሰው አልሠራም። ለአማቱ ፍራሽ ሠራ። ከደግነት ይሁን ከእልህ ራሱም አልለየውም። ለሁለት ፍራሽ የሚበቃ ጥጥ አንድ ልባስ ውስጥ ጠቀጠቀ፤ ሲባጎው እጁን እስኪቆርጠው እየጎተተ ሰፋ። ሲጨርስ በተረከዙ ቆመ። ቆሞም ዘለለ። ወይ ፍንክች። በዕድሜው እንዲህ ያለ ፍራሽ ሠርቶ አያውቅም።

«ሃያ ዓመት» አለ ለሚስቱ።

«እናቴ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው» አለችው።

አማቱ በመጀመሪያው ቀን ቆረቆረኝ አሉ። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም። ተረከዝ ግን ይህን አቤቱታ ሠላሳ ዓመት ሰምቶታል፤ ደንበኛ ሁሉ የመጀመሪያውን ወር ያማርራል፣ ከዚያ ወገቡ ይለምድና መንገድ ላይ ሲያገኘው ያመሰግነዋል። ይለምዱታል እማማ፣ እያለ ያልፋቸዋል። እውነትም በሁለተኛው ሳምንት ዝም አሉ። እሱም በልቡ ኮራ። አማቱን ዝም ያሰኘ ሰው እስከዛሬ አልተሰማማ።

በሦስተኛው ሳምንት የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጣች። ገና ከበሩ ስትገባ አፍንጫዋን ነፋ አደረገች። አሮጊቷን በጎናቸው ገልበጥ አድርጋ ቀሚሱን ገለጠች። ከዚያ ይህን ፍራሽ ማን ነው የሠራው ብላ ጠየቀች። በሩ ላይ የቆመው ተረከዝ ሙገሳ መስሎት ጆሮው ቀላ።

«እኔ ነኝ፣ ሲስተር።»

«እንግዲያው ና እይ» አለችው።

ከወገባቸው በታች፣ አጥንቱ ፍራሹን የሚጫንበት ቦታ ላይ፣ መዳፍ የሚያህል ቁስል ነበር። ጠርዙ ጠቁሯል፣ መሃሉ ረጥቧል። እማማ ዝም ያሉት ለምደው አልነበረም፤ ገላቸው ደንዝዞ ሕመሙን መስማት አቁሞ ነው። ነርሷ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ጤነኛ ሰው ሲቆረቁረው ይገላበጣል፣ መገላበጥ የማይችል ግን ሥጋው በአጥንቱና በፍራሹ መሃል ይፈጫል ብላ ቀስ አድርጋ አስረዳችው። ቁስሉ አጥንት ከደረሰ እሷም ሐኪሙም ምንም ሊያደርጉላቸው እንደማይችሉ ነገረችው። ለስላሳ መኝታ ያስፈልጋል፣ ንጹሕ ፋሻ ያስፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ግን በየሁለት ሰዓቱ ማዞር፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ። አንድም ሳይዘለል።

አማቱን ወደ እሱና ሚስቱ አልጋ አዛወሩና ተረከዝ ያን ፍራሽ ግቢ አውጥቶ በቢላ ይተረትረው ጀመር። ክሩ ከመወጠሩ የተነሳ በተቆረጠ ቁጥር ይጮኻል። ጎረቤቱ ጫማ ጠጋኙ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ ፍራሹ ምን በደለህ አለው። ተረከዝ «እሱስ ምንም አልበደለም» ብሎ ቀና ሳይል መቁረጡን ቀጠለ።

ከዚያው ጥጥ አሥራ አንድ ትናንሽ ትራስ ሠራ። ጥጡን በጣቱ እየበጠረ፣ ግማሽ ብቻ እየሞላ። በተረከዝ የሚለካ አልነበረም፤ በእጁ ሲጫነው እስከ አንጓው ካልዋጠው አልሆነም እያለ ይቀንሳል። ሠላሳ ዓመት ያፈረበትን ዓይነት ሥራ ያን ቀን ተጨንቆ ተጠቦ ሠራው።

ትራሱ ሆነ፤ ማዞሩ ግን አልሆነም። ሌሊቱን እሱና ሚስቱ ይፈራረቁታል። ቀን ሚስቱ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት፣ ማልዳ ወጥታ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትመለሰው። እሱም የሰው ግቢ ካልሄደ ጉሮሮ አይዘጋም። ሁለት ሳምንት ሥራ ፈቶ ቤት ዋለ። ደግሞም እማማ ቀላል ሴት አልነበሩም። መጀመሪያ ብቻውን ሊያዞራቸው የሞከረ ቀን መሃል ላይ ቀረ፤ አንድ እጁ ትከሻቸውን፣ አንድ እጁ ዳሌያቸውን ይዟል፣ ትራሱን የሚያስገባበት ሦስተኛ እጅ የለውም። ቢለቃቸው ቁስላቸው ላይ ይወድቃሉ። ላቡ በግንባሩ ወረደ።

«በል እንግዲህ፣ እዚያ ቆመህ ከምታይ እግራቸውን ያዝ!» አለ።

ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ ማንን ነው ብለው ጠየቁ። ማንንም አላቸው። እንደምንም በጉልበቱ ደግፎ ትራሱን ከተተና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እግራቸውን ማን እንደያዘው እንጃ። ብቻ ለእግዚአብሔር ሳይቀሰቅሱት የተናገረው የመጀመሪያ ቃል እሱ ነበር፣ እሱም ስድብ ቀረሽ።

ነርሷ ከመጣች በኋላ በሦስተኛው ረቡዕ የጸሎት ቡድኑ፣ እማማ ከወደቁ ወዲህ እንደ ልማዱ፣ እዚያው ቤት መጣ። አሥራ አራት ሰው ናቸው። ሁለቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አልጋውን ያዘምሙታል። መሪያቸው ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ በማስመሪያ የተሰመረ ወረቀት ይዘዋል። የጸሎት ሰንሰለት ይሉታል፤ እያንዳንዱ ሰው ሰዓት ተመድቦለት በየቤቱ ሆኖ ለታማሚዋ ይጸልያል፣ ከንጋት እስከ ምሽት አንድም ሰዓት ባዶ አይደለም። ተረከዝ በሩ ላይ ቆሞ ወረቀቱን አየ። አየና ጆሮው ቀላ። ከ«አሜን»ና ከመነሳታቸው መሃል ባለችው ክፍተት ገባ።

«መምህር፣ ይቅርታ... የየሰዓታችሁን እዚህ መጥታችሁ ብትጸልዩትስ? ስትጀምሩ ወደ ቀኝ ታዞሯቸዋላችሁ፣ ተረኛው ሲመጣ ወደ ግራ። በመሃል የፈለጋችሁትን በሉ።»

መምህሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ የቡድኑ ጸጋ ጸሎት መሆኑን፣ የሥጋውን ነገር ጤና ጣቢያ እንደሚያየው በትሕትና አስረዱት። ጸሎት ደግሞ ርቀት አይገድበውም አሉ።

«ልክ ነው» አለ ተረከዝ። «ቁስሉ ግን ሥጋቸው ላይ ነው ያለው።»

 አልጋው ላይ ከተቀመጡት አንዷ ቀስ ብላ ተነሳች። ተረከዝ የተናገረው ከብዶት ወደ ግቢ ሊሸሽ ሲል መምህሩ እርሳስ አወጡ። አንድ ሰዓት የሚለውን ሰርዘው ሁለት አደረጉት፣ ሌላ መስመር አሰመሩ፣ ማን ይመጣል ብለው ጠየቁ። ከአሥራ አራቱ ስድስቱ እንመጣለን አሉ። ስምንቱ በሩቅ የሚጸለይ ይበልጥ ይሰማል አሉ፤ ይሰማም ይሆናል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የሚመጣ ጠፍቶ ያን ጫማ ጠጋኙ ወሰደው። እሱ ከሠርጉ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ አያውቅም። እማማን ባነሳ ቁጥር አፉን ይከፍታል፣ እሳቸው ይገሥጹታል፣ ይቅርታ ይጠይቅና ሲያወርዳቸው ደግሞ ይሳደባል። በኋላ በኋላ አሮጊቷ ከስድስቱ ጸሎተኞች ይልቅ የሱን ሰዓት መጠበቅ ጀመሩ።

ተረከዝ ወደ ሥራው ተመለሰ። አንድ ነገር ግን እንደ እሾህ ተሰክቶበት ቀረ። ለአማቱ አልነገራቸውም። ቁስሉ የመጣው በኔ ፍራሽ ነው ማለት አቃተው። ሚስቱ ተወው፣ ምን ያደርጋል ትለዋለች። እሱ ግን ባዞራቸው ቁጥር የሰረቀውን ዕቃ ለባለቤቱ የሚያሸክም ሌባ የሆነ ይመስለዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ፋሻውን ለውጦ፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደሆነ፣ ዓይናቸውን ማየት ስላልነበረበት ነው መሰለኝ፣ ደፈረ።

«እማማ፣ ይሄ ቁስል... እኔ ነኝ ያቆሰልኩዎት። ፍራሹ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ነርሷ ስትነግርህ እዚሁ ተኝቼ ነበር። ጆሮዬ ሽባ አልሆነም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነዋ። ብቆጣህ ትሸሸኛለህ፣ ማን ያዞረኛል?» አሉት። «ሃያ ዓመት ሙሉ ጌታ ሆይ የዚህን ሰው ልብ አለስልስልኝ ብዬ ጸለይኩ። እሱ ደግሞ ልብህን ትቶ በኔ ወገብ ጀመረ። ምን ይደረግ፣ አሠራሩ ነው።»

ተረከዝ ሊስቅ ፈልጎ አለቀሰ። እንባው አንሶላው ላይ እንዳይወርድ ፊቱን በክንዱ ያዘ፤ ነርሷ ቁስሉ እንዳይረጥብ ብላለችና። እማማም ይቅር ብዬሃለሁ አላሉትም፣ እንዲያ ያለ ነገር ከአፋቸው አይወጣም። ጀርባቸውን እንዲያክላቸው ነገሩት። ከትከሻቸው መሃል፣ ዝቅ፣ አይ ከፍ። ሃያ ዓመት እጁን ጨብጠው የማያውቁት ሴት ናቸው።

ቁስሉ በአምስተኛው ወር ነው የሻረው። ነርሷ በየሳምንቱ በክር ትለካው ነበር፤ ክሩ እያጠረ፣ እያጠረ መጣ። መካከል ላይ አንድ ሳምንት ተመልሶ ሲሰፋ ተረከዝ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም፤ ጥጥ እየነደፈ በአፉ ሲያጉረመርም የፍራሹ ባለቤቶች ዋጋ ያነሰው መስሏቸው ነበር። ሲጠይቁት ከናንተ ጋር አይደለም ብሏቸዋል።

የመጨረሻው ቀን ረቡዕ ነበር፤ ስድስቱም ጫማ ጠጋኙም ክፍሏ ውስጥ ቆመዋል። ነርሷ ፋሻውን አንስታ ክሯን አላወጣችም። ና እይ አለችው እንደገና። ተረከዝ ወደ በሩ አፈገፈገ። መምህሩ ከኋላው ገፋ አደረጉት። አየ። ቁስሉ የነበረበት ቦታ ላይ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሕፃን ገላ ያለ አዲስ ቆዳ ተዘርግቷል።

እማማ ምን ይመስላል ብለው ጠየቁ። ተዘግቷል አላቸው።

«እንግዲያው አንተ ጸልይ» አሉ።

ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየው። ተረከዝ ጆሮው ብቻ አይደለም፣ አንገቱም ቀላ። ሰው ፊት ጸልዮ አያውቅም፤ መምህሩ የሚሏቸውን ረጃጅም ቃላት ፈለገ፣ አንዱም አልመጣለትም። ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ፤ ሰዎቹ ተኝቶ እንዳይሆን ጠረጠሩ።

«ጌታ ሆይ፣ ይዘህልናል። እኛ ደክሞናል፣ አንተ አይደክምህም ይባላል። ስለዚህ አትልቀቅ። አሜን።»

«አጭር ነው» አሉ እማማ።

ከስድስቱ አንዱ ተጨማሪ ሊጸልይ ጉሮሮውን ሲጠርግ ነርሷ ሰዓቷን አየች። አዲሱ ቆዳ ገና ስስ ነው፣ ማዞሩ አይቀርም አለች። ተረከዝ ትከሻቸውን ያዘ፣ መምህሩ ዳሌያቸውን፣ ጫማ ጠጋኙ እየተሳደበ እግራቸውን፤ ቀስ አድርገው ወደ ቀኝ አዞሯቸው።