አፋቸውን ያስከፈትኳቸው የኔታ

ይህ የደረሰው አምና በዐቢይ ጾም ነው። ዓመት ቢያልፈውም ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። የተናደድኩት በሌላ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይበርድልኝ ነበር።

ነርስ ነኝ። ከቢቸና ብዙ በማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የቲቢ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል መሪጌታ ጥበቡ የሚባሉ የቅኔ መምህር ሲያስሉ ሰንብተው ወደ እኛ መጡ። አገሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። አክታቸው ሲመረመር ቲቢ ተገኘባቸው፤ መድኃኒትም ጀመርንላቸው።

በዚያው ሳምንት ተመራማሪዎች መጡ። የሚያጠኑት የቲቢ ባክቴሪያ ሰው ሰውነት ውስጥ እንዴት ተደብቆ እንደሚኖር ነው። አንደኛው ሲያስረዳን «ሰውነታችን ጀርሙን ሊገድለው ይውጠዋል፤ ጀርሙ ግን እዚያው የዋጠው ሴል ውስጥ ቤቱን ሠርቶ ይቀመጣል» አለን። በጣም ገርሞኝ ነበር። ከታካሚዎቻችን አክታ ወሰዱ፤ ስም እየጠየቁ በራሳቸው ፎርም መዘገቡና አመስግነው ሄዱ። ስሞቹን ከእኛ መዝገብ ጋር ያመሳከረ ሰው አልነበረም። እኔም በር ላይ ቆሜ ወረፋ አስይዝ ነበር።

የኔታ በየጠዋቱ እየመጡ መድኃኒታቸውን ፊቴ ይውጣሉ። ሁለት ወር ሞላ። አክታቸው እንደገና ሲታይ ጀርሙ አሁንም አለ። እሳቸውም ከስተው ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። ጀርሙ መድኃኒት ተላምዶ እንደሆነ የሚለይ ምርመራ አለ፤ ነገር ግን መመርመሪያ ዕቃው አልቆ «ይመጣል» ከተባለ ሰንብቷል።

ጾም ገብቶ ነበር። ኃላፊያችን ጠራኝና «ሰውዬው እኮ መሪጌታ ናቸው። ጾም ይዘው በጠዋት ኪኒን በውሃ የሚውጡ መስሎሃል? ምላሳቸው ሥር ደብቀው ውጭ ሲወጡ ይተፉታል» አለኝ። አመንኩት። ሌላ ነገር ከማሰብ ይህን ማመን ይቀል ነበር።

በማግስቱ ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት «የኔታ፣ አፍዎን ይክፈቱ» አልኳቸው።

«ውጬዋለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«ይክፈቱ። ምላስዎንም ያንሱ።»

ከፈቱ፤ አነሱም። አፋቸው ውስጥ ምንም የለም። ወረፋ ላይ ያለች አንዲት ሴት በነጠላዋ ተሸፍና ሳቀች። «የነፍስ አባቴ ፈቅደውልኛል። ጠዋት ጠዋት እየገደፍኩ ነው የምውጠው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ለመድኃኒት ብለው ጾማቸውን የገደፉ መሪጌታ ናቸው እንግዲህ፤ እኔ ግን አላመንኳቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አፋቸውን አስከፈትኳቸው።

ባለቤታቸው እትዬ ይመኙሻል አንድ ቀን ተከትለዋቸው መጡ። «አንተዬ፣ ስንት ደቀ መዝሙር ያወጡትን ሰው እንደ ሌባ አፋቸውን ስትበረብር አታፍርም?»

«ለእሳቸው ብዬ ነው» አልኳቸው። ይህን ስል ደረቴን ነፍቼ ነበር።

በዚህ መሀል ከተመራማሪዎቹ አንድ ደብዳቤ መጣ። ወልደ ሚካኤል የተባሉ ታካሚ አክታ ውስጥ የተገኘው ጀርም መድኃኒቱን የተላመደ ስለሆነ ሰውየው በአስቸኳይ ይፈለጉ ይላል። ኃላፊው «እስቲ እየው» ብሎ ሰጠኝ። መዝገቡን አገላበጥኩ፤ ወልደ ሚካኤል የሚባል የለም። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። «የእኛ ታካሚ አይደለም፤ ተሳስተው ነው የላኩት» አልኩና መለስኩለት። እሱም መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ደብዳቤው ላይ ዕድሜም ቀበሌም ተጽፎ ነበር፤ እኛ ግን እስከዚያ መስመር ድረስ አላነበብነውም። ተመራማሪዎቹም ቢሆኑ አንድ ቀን ደውለው «አገኛችኋቸው ወይ?» አላሉም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ፣ ካህኑ «ስለ ታመመው ወንድማችን ስለ ወልደ ሚካኤል አቡነ ዘበሰማያት እንድገም» አሉ። ደነገጥኩ። አጠገቤ የቆሙትን ሽማግሌ «ወልደ ሚካኤል ማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የኔታ ጥበቡ ናቸዋ። የክርስትና ስማቸው ነው። ዛሬስ ከመኝታቸው መነሣትም አቅቷቸዋል።»

እዚህ አገር ሰው ሲታመም ለጸሎት የሚሰጠው የክርስትና ስሙን ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰው ስለ በሽታቸው ብሎ ስማቸውን ሲጠይቃቸው የኔታም የሰጡት ያንኑ ነው። ተመራማሪው እሺ፣ ከሩቅ የመጣ ነው እንበል። እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ክርስትና ተነሥቼ ያደግኩ ነኝ። ወልደ ሚካኤል የሚል ስም አይቶ «የማን የክርስትና ስም ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ስንት ዓመት ትምህርት ይፈልጋል?

ኃላፊውን ከቤቱ አስነሥቼ አመጣሁት። ደብዳቤው መሳቢያው ውስጥ ከአሮጌ ፎርሞች ሥር ተገኘ። ዕድሜውም ቀበሌውም የየኔታ ነው። ኃላፊው «እንግዲህ ትክክለኛ ስማቸውን ቢናገሩ ኖሮ…» ብሎ ሲጀምር ጮህኩበት። ያልኩት እዚህ የሚጻፍ አይደለም፤ አልተጸጸትኩበትም። ጀርሙ ሊገድለው በዋጠው ሴል ውስጥ ይቀመጣል ብሎ ተመራማሪው የነገረን ትዝ አለኝ። የየኔታም ወረቀት የተቀመጠው ሊያድናቸው በሚገባው ቤት ውስጥ ነበር።

በማግስቱ የተላመደ ቲቢ ወደሚታከምበት ወደ ሞጣ በአምቡላንስ ወሰድናቸው። መንገድ ላይ ደብረ ወርቅ ስንደርስ እትዬ ይመኙሻል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ «ስማቸውን ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገሩ ነበር። አንተ አልጠየቅሃቸውም» አሉኝ።

የኔታ አልሞቱም። ሆኖም ሳንባቸው ክፉኛ ተጎድቷል። ማኅሌት መቆም አይችሉም፤ ለደቀ መዛሙርታቸው ቅኔ ሲነግሩም መሀል ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የሞጣው ሐኪም መድኃኒቱ ቀደም ብሎ ተጀምሮ ቢሆን ይህን ያህል ባልተጎዱ ነበር ብሎኛል።

እኔ መዝገቤ ላይ በማስመሪያ አንድ ዓምድ ጨምሬአለሁ፤ «ሌላ የሚጠሩበት ስም» ይላል። ለቁጥጥር የመጣ ሰው አይቶ «ይህ እኮ ፎርሙ ላይ የለም» ሲለኝ «አሁን አለ» አልኩት።

የኔታ ከሞጣ ሲመለሱ ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። የቀረውን መድኃኒት የሚወስዱበት ሰዓት ነበር። እትዬ ይመኙሻል ውሃ አቀበሏቸውና ኪኒናቸውን ዋጡ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ወደ እኔ ዞሩና አፋቸውን ከፈቱ፤ ምላሳቸውንም አነሱ።

«አየህ፣ ልጄ?» አሉኝ።

እየቀለዱብኝ አልነበረም። ለምዶባቸው ነው። አስለምጄአቸው ነው።

ያን ዕለት ይቅር ብለውኛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ በራሴ እንደተናደድኩ ነኝ፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።