የትሪሎኪ አርባ አንድ ቲዎረሞች

ትሪሎኪ ማንዳልን ያወቅሁት በዩኒቨርሲቲው የተመራማሪዎች ማደሪያ፣ አስራ ሰባት ቁጥር ክፍል ውስጥ ነው። ኮሲ ወንዝ በየክረምቱ ከሚያጥለቀልቀው መንደር አንድ ከረጢት የሽምብራ በሶ ተሸክሞ መጣ፤ ሰባት ዓመት አብረን ኖርን። እኔ ሰነፍ ነኝ፣ አልደብቅም። እሱ ግን ሥራ ከያዘ ጆሮ የለውም። ገላውን ሲታጠብ እንኳ ከበሩ ወዲያ «ይሄ ከዚያ ይከተላል» ሲል እሰማው ነበር።

አማካሪያችን ፕሮፌሰር ኡፓድያይ ነበሩ፤ የእሱም የእኔም። እሳቸው ፊት ምሳሌ መጥራት ነውር ነው። «ምሳሌ ለአስረኛ ክፍል ልጅ ነው፤ ተመራማሪ በጥቅሉ ያስባል» ይላሉ። እኛም ማደጋችንን ለማሳየት ምሳሌ የሚባለውን እርግፍ አድርገን ተውን። ለትሪሎኪ ሦስት ሕግ ሰጡትና ሦስቱንም የሚያሟሉ የአልጀብራ ስብስቦች ምን ጠባይ እንዳላቸው አጥና አሉት። አርባ አንድ ቲዎረም አረጋገጠ፤ አንዱም እንከን የለበትም። ለእኔ ደግሞ ለአራተኛው ምዕራፌ ሌላ አራት ሕግ ሰጡኝ።

የዶክትሬት ወረቀት ከሌለ ቋሚ መምህርነት የለም። የትሪሎኪ ምዝገባ ሦስት ጊዜ ተራዝሞ በመጋቢት መጨረሻ ሊያበቃ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መራዘም የሚባል ነገር አይታሰብም። እናቱ በየሳምንቱ ትደውላለች። «ወረቀቱ ገና ነው?» «ገና ነው፣ እማዬ።» መንደሩ ግን ዶክተር ብሎ መጥራት ከጀመረ ቆይቷል፤ አንድ ጎረቤት የታመመች የምትታለብ ጎሹን አክምልኝ ብሎ ጎትቶ አምጥቶለት ያውቃል።

ጽሑፉን ከማስረከቡ በፊት ተማሪው በትምህርት ክፍሉ ሰዎች ፊት ቆሞ ያቀርባል፣ የመጣውንም ይጋብዛል። ልማዱ ነው። እውነቱን ለመናገር ሰው የሚመጣው ለሳምቡሳው ነው፤ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው እንደ ባለጌ ይታያል። እናቱ በአውቶቡስ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የስንዴ ጣፋጭ ልካ ነበር። ትሪሎኪ የተበደረውን የእኔን ሸሚዝ ለብሶ ሃምሳ ደቂቃ አብራራ። አማረበት፤ ኮራሁበት።

ሹብሃንጊ የምትባል የማስተርስ አንደኛ ዓመት ተማሪ ከኋላ እጇን አወጣች። ታላላቆቻችንን ባይያ ነው የምንለው።

«ትሪሎኪ ባይያ፣ ሦስቱን ሕግ የሚያሟላ አንድ ምሳሌ ቢያሳዩን?»

«ሳምቡሳው ይቀዝቅዝ ነው የምትይው?» አሉ ፕሮፌሰሩ። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

«ግድ የለም፣ እህቴ» አለ ትሪሎኪ፤ ጠመኔውን አነሳ።

የመጀመሪያው ምሳሌ ሦስተኛው ሕግ ላይ ወደቀ። ሁለተኛውም ወደቀ። በሦስተኛው ቁጥሮቹን ትቶ በፊደል መጻፍ ጀመረ፤ የሸሚዙ ጀርባ በላብ ሲረጥብ ይታየኛል። ስድስት መስመር ጻፈ። ስድስተኛው ላይ ዜሮ ከአንድ ጋር እኩል ሆነ። ሕጎቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ ሦስቱን የሚያሟላ ነገር በዓለም ላይ የለም ማለት ነው።

«ባዶ ነው» አለ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ደረሰበት፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲያልባት የኖረው ላም!

ፕሮፌሰሩ ሁለታችንንም ቢሯቸው አስገቡን።

«ከአርባ አንዱ ውስጥ ስህተት የሆነ አለ?»

«የለም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ሆንክ? ስለሌለ ነገር የተባለ ሁሉ ትክክል ነው፤ ይህንን ታውቃለህ። አስረክብ። ፈታኞቹ ወዳጆቼ ናቸው።»

«የሌለ ሰው ቁመት ለክቼ ነው እኮ ዶክተር የምባለው።»

«እኔ ነኝ ሕጎቹን የሰጠሁህ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «በዚህ ዕድሜዬ አታዋርደኝ።»

ማደሪያችን ስንደርስ እኔም ቁጣዬን ለቀቅሁበት። «አንተ ጅል! ማን ሊያነበው ነው? እናትህን አስብ እንጂ!»

«እሷን እያሰብኩ ነው። ልጄ ምን አገኘህ ብትለኝ ምን ልበላት?»

አላስረከበም። መጋቢት አለቀ፤ በሶ የመጣበትን ከረጢት አጥፎ ሄደ። እናቱ እስክትሞት «ገና ነው?» ትለው ነበር፣ እሱም «ገና ነው» ይላት ነበር አሉ። እኔ በዚያው ዓመት አስረከብኩ፤ ዛሬ ቋሚ መምህር ነኝ። ፈታኞቹ የፕሮፌሰሩ ወዳጆች ነበሩ።

አምና ገበያው ውስጥ አገኘሁት፤ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል የአስረኛ ክፍል ልጆችን ያስጠናል። ፀጉሩ ሸብቷል፣ እጁ በጠመኔ ነጭ ሆኗል። ሰሌዳው ከላይ እስከ ታች ምሳሌ ብቻ ነው።

«ዶክተር!» አለኝ። ፌዝ ፈለግሁበት፤ አልነበረም። ሻይ አስመጣልኝ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ከዚያ ድንገት፣ «ያ አራተኛ ምዕራፍህ፣ አራቱን ሕግ የሚያሟላ ምሳሌ አገኘህለት?»

«አዎ፣ ብዙ» አልኩት።

«እሰይ!» አለ፤ ፊቱ ከልቡ በራ። «ሁልጊዜ ያሳስበኝ ነበር። እንዳልጠይቅህ ደግሞ ፈራሁ። በል አንዱን ጻፍልኝ፣ ልየው።» ጠመኔውን ዘረጋልኝ።

የማስተምረው ክፍል አለኝ፣ ቸኩያለሁ አልኩት። ሻዬን ሳልጨርስ ደረጃውን ወረድኩ።