ከሰባተኛው ቤት ወዲያ

ቅዳሜ ኅዳር 8 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ጉደር በሚገኘው የእህቴ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ሰባት ቤት ተቆጥሮ የተፈቀደ ጋብቻ ታገደ። ምክንያቱ የወባ ትንኝ ነበረች።

ለሬዲዮ ዜና ስሠራ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ስብሰባ ረግጠው ሲወጡም፣ ጎርፍ ድልድይ ሲወስድም በቦታው ተገኝቻለሁ። ወደዚህኛው ግን ማንም አልላከኝም። የተገኘሁት የሙሽራዋ አጎት ስለሆንኩ ነው። የእናቷን ወገን ዘር የምቆጥረውም እኔ ነበርኩ።

በእኛ አካባቢ ልጅ ስትጠየቅ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዘር ይቆጥራሉ። በአባትም በእናትም በኩል፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይወጣሉ። በመንገድ ላይ አንድ የጋራ ሰው ከተገኘ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ካልተገኘ ይመረቃል፣ ምግብ ይቀርባል።

የእህቴ ልጅ የወባ ትንኝ ተመራማሪ ናት። ከጌዶ ወደ ቆላው ወርዳ ከኩሬና ከጡብ ጉድጓድ የትንኝ እጭ ትቀዳለች፤ አምጥታም በመረብ ሳጥን ውስጥ ታሳድጋለች። ወንዶቹ ስኳር ውሃ ይጠጣሉ፣ ሴቶቹ ደም ይፈልጋሉ፤ ሁሉንም በየፈርጁ ትመግባለች። ከዚህ በፊት ሊጠይቋት የመጡ ሁለት ቤተሰቦች ሥራዋን ሲሰሙ ቀርተዋል። አንደኛው ቤት «ቢንቢ የምታረባ ምራት አናስገባም» ማለቱ ጉደርን አዳርሶ ነበር። አሁን የሚጠይቃት ጌዶ ላይ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ልጅ ነው። የተዋወቁት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጉድጓድ እጭ ስትቀዳ ነጩን ጭልፋዋን ረስታ ሄዳ፣ እሱ አጥቦ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ስላመጣላት ነው። እሷም እንደወደደችው ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ሰው ፊት ስሙን ባትጠራም ስልኳ በጮኸ ቁጥር ወደ ጓሮ ትወጣ ነበር።

ስለዚህ እህቴ ከማለዳው ጀምራ ሁላችንንም አስጠንቅቃናለች።

«ስለ ትንኝ ትንፍሽ የሚል አይኖርም። ላብራቶሪ ነው የምትሠራው። በቃ፤ ላብራቶሪ!» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በተለይ አንተ።»

«ከጠየቁኝስ?»

«ቤትህ ሲጠይቁህ እንደምታደርገው አድርግ። ጆሮህ አይስማ።»

ከጌዶ የመጡት ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ። የሚመራቸው የሙሽራው ታላቅ አጎት ሲሆን፣ ረጅም፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ እንደ ካርታ አጥፎ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ሁላችንም ኦቦ እንለዋለን። ንግግሩ እንደ ወትሮው ግማሹ በአፋን ኦሮሞ፣ ግማሹ በአማርኛ ሄደ። ቆጠራው ያለ እንከን አለቀ። እኔም የእናቷን ወገን ሰባት ስም ሳልደናቀፍ ተወጣሁ። የጋራ ሰው አልተገኘም። ኦቦ ተነሥቶ መረቀ፣ እኛም «አሜን» አልን። ከጓዳ እልልታ ተሰማ፣ ጭኮና እርጎ ቀረበ።

ኦቦ የመጀመሪያውን እርጎ ጠጥቶ ጢሙን ጠረገና፣ «ልጅቷ ምን ትሠራለች አላችሁ?» አለ።

«ላብራቶሪ» አለ የሙሽራዋ አባት።

«ላብራቶሪማ የኔም ልጅ አምቦ ሆስፒታል ትሠራለች። ሽንት ነው ደም?»

ኦቦ ዙሪያውን ቃኝቶ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። «እስቲ ሬዲዮው ይናገር። ዜና የሱ ነው።»

«የወባ ትንኝ ታጠናለች፣ ኦቦ» አልኩ። «እያሳደገች።»

ጓዳ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ወደቀ።

ኦቦ ግን አልሸሸም። እንዲያውም ወደ ፊት ተጠጋ። በወጣትነቱ በባኮ በኩል ወደ ቆላ እየወረደ ከብት ይነግድ ነበር። ወባ ሦስት ጊዜ ጥላው አንዴ በቃሬዛ ነው የተመለሰው። «አሳድጋ ምን ልታደርጋት ነው? ጥሯት እስቲ፤ እንስማ!»

የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትቀመጥም። ስለዚህ የጓዳውን መጋረጃ ግማሽ ድረስ ገፍታ፣ በሩ ላይ ቆማ መለሰች። አንገቷን ደፍታ ነበር የጀመረችው፤ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ግን ቀና አለች።

እሷ የምታጠናው የትኛዋ ትንኝ የትኛውን መድኃኒት እንደምትቋቋም መሆኑን ተናገረች። ቀጥላም ውጭ አገር በሳጥን ውስጥ የሚሞከረውን አነሣች። ትንኝም እንደ ሰው ከአባትና ከእናት እኩል ትወርሳለች። አንድን ነገር ከወላጆቿ አንዱ ብቻ ከያዘው፣ ከልጆቹ ለግማሾቹ ያህል ብቻ ይደርሳል። ራስ ወዳድ የሚባል ዘረመል ግን አለ፤ ተራውን አይጠብቅም። ከሌላው ወላጅ የመጣውን ቆርጦ በቦታው ራሱን ይገለብጣል። ስለዚህ ለሁሉም ልጆች ማለት ይቻላል ይደርሳል፣ ከእነሱም ለልጆቻቸው። ሴቶቹን መካን የሚያደርግ ነገር ከዚህ ጋር ቢታሰር፣ ጥቂት ትንኞች ተለቀው በወንዶቹ በኩል ዘራቸውን ሁሉ ሊያዳርሱና ሊያጠፉ ይችላሉ።

«አልገባኝም» አለ ኦቦ።

ልጅቷ ዙሪያዋን አየችና የእርጎውን ቅል አመለከተች። «ኦቦ፣ ወተት ላይ ውሃ ቢጨምሩበት፣ ግማሹን ደፍተው እንደገና ውሃ ቢጨምሩበት፣ ሰባት ጊዜ እንዲያ ቢያደርጉ ምን ይቀራል?»

«ውሃ። ሰባት ቤት የምንቆጥረው ለምን ሆነና? በሰባተኛው ደሙ ያልቃል።»

«አዎ። የተለመደው ውርስ እንደሱ ነው። ይሄኛው ግን እርጎ ነው። የትናንት እርጎ የቀረበት ቅል ውስጥ ወተት ቢጨምሩ ወተቱ እርጎውን አያሳሳውም። እርጎው ነው ወተቱን እርጎ የሚያደርገው። ከዚያ ትንሽ ወስደው ሌላ ወተት ላይ ቢያደርጉ ያም እርጎ ይሆናል።»

ኦቦ ጭኑን መታ። «ኤዬ! ገባኝ! ታዲያ ለምን አትለቁትም? ባኮ ላይ ልቀቁት፤ እኔ ነኝ የምፈቅደው!»

«የትም አገር ገና አልተለቀቀም። አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም። ወሰንም አያውቅም፤ ጎረቤት አገር ሳይጠየቅ አይሆንም።»

«ሽማግሌ ያስፈልገዋል በዪኛ!» አለ ከኦቦ ጎን የተቀመጠው፣ እስከዚያ ድረስ ጭኮውን ብቻ ሲያስተናግድ የቆየው ሽማግሌ። ቤቱ ሳቀ። እህቴ በመጋረጃው ጎን ብቅ ብላ ስታየኝ ፊቷ ላይ ይቅርታ የሚመስል ነገር ነበር።

ኦቦ ግን ሳቁን ቶሎ ጨረሰ። ቅሉን አንሥቶ ውስጡን አየ። መልሶ አስቀመጠው።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሰው የሠራው ነው፣ ወይስ ድሮም ነበር?»

«ይሄኛው በሰው እጅ የተሠራ ነው። የሚመስለው ግን በተፈጥሮም አለ። በአይጥ፣ በዝንብ፣ በጢንዚዛ ተገኝቷል።»

«በሰውስ?»

ከልጅነቷ ጀምሬ አውቃታለሁ፤ መዋሸት አትችልበትም። «በሰው ውስጥ እንኳ ልክ እንደዚህ ዓይነቱ አይታወቅም» አለች። «ግን ራሳቸውን የሚገለብጡ ቁርጥራጮች አሉ። ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ጥቂቶቹ ናቸው የሚንቀሳቀሱት።»

«ጥቂቶቹ!» አለ ኦቦ። ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሰማችሁ? እኛ ውሃ የገባበት ወተት መስሎን ሰባት ላይ አቆምን። እርጎ ከሆነስ? እርጎ በሰባት ያልቃል?»

«አያልቅም» አለ ጭኮ በሊው፣ ሳይወድ።

«እንግዲያው ቆጠራው ይቀጥል። ከስምንተኛው ቤት።»

ጋብቻው የታገደው በዚህ ጊዜ ነው። ልጅቷ መጋረጃውን እንደ ምሰሶ ይዛ ቀረች። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየሁት ንዴት ሳይሆን ድንጋጤ ነበር። መናኸሪያ ድረስ ጭልፋ ያመጣላትን ሰው ራሷ ባስረዳችው ትምህርት ልታጣው ነው።

ከሰባት በላይ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ከጌዶዎቹ አንድም አልነበረም። ኦቦ ግን አክስት አለችው። በጣም ያረጀች ናት፣ ሁሉም አኮ፣ አያቴ፣ ይሏታል፤ ጌዶ ቤቷ ተቀምጣለች። ስልክ ተደወለ፣ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ ስልኩ ከቅሉ ጎን ተቀመጠ።

«ምንድን ነው የምትፈልጉት?» አለች አኮ።

«ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን፣ አኮ።»

«ሰባቱ ምን ሆኑ? ታመሙ?»

«ልጅቷ የምታውቀው አንድ ነገር አለ፤ እርጎ ነው የሚሉት...»

«እርጎ? ልጅ ልታጋቡ ነው ላም ልትገዙ?»

ቤቱ መሳቅ ፈልጎ ፈራ። አኮ እየተነጫነጨች ስምንተኛውን ጠራች። ያ ስም እኛ ጋ የለም። ስልኩ ተቆረጠ፣ እንደገና ተደወለ፣ ዘጠነኛውን ጠራች። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የእናቷን ወገን ዘጠነኛ የሚያውቅ ከእኔ በቀር ያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። እኔም የማውቀው አባቴ በልጅነቴ እስከ አሥር ሳላደርስ እራት ስለማያስበላኝ ነው።

አላውቅም ብል የሚያጣራ ሰው አልነበረም። እህቴ በመጋረጃው ጎን ሁለት እጇን እንደ ጸሎት አጋጥማ አየችኝ።

«እኛም ዘጠነኛው ላይ ያው ስም ነው ያለን» አልኩ። «ያው ሰው መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። በዚያ ዘመን የተለመደ ስም ነው። ሁለተኛ ምንጭ ያስፈልጋል።»

«አኮ፣ ሰውየው የት ነበር የሚኖረው?» ብሎ ኦቦ ስልኩ ላይ ጮኸ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጎረቤቴ ነበር እንዴ?» አለች አኮ። «በእኔ ዕድሜ እየቀለዳችሁ ነው!» ስልኩን ዘጋችው። የዚህኛው መቆረጥ የኔትወርክ አልነበረም።

ጋቢዎች መስተካከል ጀመሩ። ሽማግሌ ጋቢውን ሲያስተካክል ሊነሣ ነው ማለት ነው። ኦቦ በሐዘን ነበር የሚያጥፈው፤ ልጅቷን እንደወደዳት ያስታውቅ ነበር። ያኔ መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ተገፋ፣ ልጅቷም ወደ ሳሎኑ ገባች። እናቷ ቀሚሷን ከኋላ ብትይዝም አላቆማትም።

«ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቅሉን ያምጡት።»

ኦቦ ቅሉን ሰጣት።

«ሰውየው አንድ ነው እንበል። እርጎው እሱ ላይ ነበር እንበል። አልቀነሰም አይደል? ለልጆቹ ሁሉ ደረሰ። ልጆቹ ስንት ቤት ተጋቡ? የልጅ ልጆቹስ? ዘጠኝ ቤት ሙሉ ጉደር ከጌዶ፣ ጌዶ ከአምቦ ሲጋባ የኖረ ሕዝብ ነው። የቱ ወተት ሳይነካ ይቀራል?»

ኦቦ በጣቱ መቁጠር ጀምሮ ተወው።

«እርጎ ከሆነ ሁላችንም ዘንድ ደርሷል። ለልጅዎ ከአዲስ ዓለምም ቢያመጡለት፣ ከባኮም ቢያመጡለት ያው ነው፤ ቆጠራ አያድነውም። ቆጠራ የሚያድነው ከሚቀንሰው ነገር ነው። የሚቀንሰው ደግሞ እርስዎ ራስዎ እንዳሉት በሰባት ያልቃል፤ በዘጠኝማ የበለጠ ነው የሚያልቀው።»

ኦቦ የራሱን እጅ ገልብጦ፣ መዳፉንም ጀርባውንም አየው።

«እኔም ላይ አለ ማለት ነው?»

«ካለ፣ አለ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ምንም አላደረገኝም።»

«እንግዲህ» አለች ልጅቷ።

ጭኮ በሊው ነው መጀመሪያ የሳቀው። ከዚያ ኦቦ በረጅም ቁመቱ ሁሉ ሳቀ፤ ጋቢው ከትከሻው ወርዶ ወንበሩ ላይ ቀረ። የሙሽራዋ አባት ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። እህቴ እልል አለች፤ አጋማሹ ላይ አቋርጣ ደግሞ «አንተን ግን!» ብላ በጨርቅ ጀርባዬን መታችኝ፤ ከዚያ የቀረውን እልልታ ጨረሰችው።

«ይቺ ልጅ» አለ ኦቦ ለጓደኞቹ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጌዶ ላይ ሽምግልና ስንቀመጥ ትቀመጣለች። እኔን ያሰረችኝ በትንኝ፣ የፈታችኝ በእርጎ!» ወደ እሷ ዞረ። «ግን አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። ቤታችን ስትገቢ ሳጥኖችሽን ከኔ ግቢ አርቂያቸው።»

«መረብ አላቸው፣ ኦቦ።»

«መረብ አምናለሁ። ቢሆንም አርቂያቸው።»

«ቶሌ» አለችው። እሺ ማለቷ ነው። ኦቦ ሁለተኛ ጊዜ ተነሥቶ መረቀ፤ ካሳ ያለበት ይመስል ከመጀመሪያው በጣም የረዘመ ምርቃት ነበር። ልጅቷ የጓዳው በር ላይ ደርሳ ስልኳን አወጣችና ወደ ጓሮ ወጣች። ማንም አላስቆማትም።

አኮ ጋ ደግሞ ኦቦ ራሱ ደወለ። «ሰባቱ በቂ ናቸው አኮ» ሲላት ሰምቻለሁ። እሷ የመለሰችውን ስልኩ ጆሮው ላይ ስለነበር አልሰማሁም።

የዘጠነኛው ቤት ጉዳይ በእኔ በኩል አልተዘጋም ነበር። በዚያው ሰሞን በሥራ ጌዶ ስሄድ ሁለት ሽማግሌዎች ጠየቅኩ። አንዱ ሰውየው አንድ ነው አለኝ፣ ሌላው ሁለት ናቸው አለኝ። ሁለቱም የሰሙት ከአኮ ነው።

እሁድ ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሙሽራዋን የያዘው መኪና ከጉደር ተነሣ። ጌዶ የገባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።