ሱቅ ከተዘጋ በኋላ የሚቀባ ሽቶ

ጥቅምት 10 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ወደ ማታ አብነት ሰፈር ባለው ላውንደሪ መብራት ጠፋ። ባለቤቴ ፋዮ አንድ ግራጫ ኮት እየተኮሰች ነበር። ቀኝ እጅጌውን ጨርሳለች፣ ግራው ቀርቷል። የከሰል ካውያ ከጠረጴዛው ሥር ነበራት፤ ግን የከሰል ሽታ ልብስ ላይ ያድራል ብላ ለደንበኛ ልብስ አትጠቀምበትም። ኮቱን መስቀያ ላይ አንጠልጥላ ለጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ለነገሪ "ነገ እጨርሰዋለሁ" ብላው ቆለፈች። በዚያው ሌሊት በእንቅልፏ አረፈች። ሐኪሙ ልብ ነው አለን። ኮቱን ከቀብሩ በኋላ ሄጄ ለባለቤቱ ሰጠሁት። ግራ እጅጌው እንደተጨማደደ ተቀብሎኝ፣ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎት ሄደ።

የምሠራው መዝገብ ቤት ስለሆነ የማውቀውን ከማላውቀው ለይቼ እጽፋለሁ። የተወለደችበትን ቀን አላውቅም፣ እሷም አታውቅም ነበር። ቦታው ጉደር ወንዝ አጠገብ ነው። በልጅነቷ አብነት አክስቷ ዘንድ መጣች፣ ሆቴል ውስጥ አጣቢ ሆና ሠራች፤ በ1988 ዓ.ም. የራሷን ላውንደሪ ከፈተች። ልደታ የነበረው የቀበሌ ቤታችን ሲፈርስ እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። ሱቁ ግን ከአብነት አልተነሳም።

ሁለት ሕግ ነበራት። አንደኛው፣ ልብስ ከእሷ ዘንድ ምንም ሳይሸት ይመለሳል፤ ሳሙናም ቢሆን። ሁለተኛው፣ ደንበኛ ልብስ ላይ ስላገኘችው ነገር ትንፍሽ አትልም። ይህን ሁለተኛውን ያወጣችው ሆቴል ሳለች ነው። አብራት የምትሠራ ሴት ለአንዲት እንግዳ በቅንነት "የባለቤትሽ ኮት ላይ ያለው ሽቶሽ እንዴት ደስ ይላል" አለቻት። ሽቶው የእንግዳዋ አልነበረም። ባልና ሚስቱ በሁለት ታክሲ ነው የሄዱት።

በእነዚህ ሕጎች ምክንያት ፋዮ ሽቶ ተቀብታ አታውቅም። አንድ ፋሲካ አንድ ጠርሙስ ገዝቼላት ነበር። አመስግና ተቀበለችኝና ለእህቷ ልጅ ሰርግ ሰጠችው። "በዚህ እጄ ሸሚዝ ብነካ የሰው ቤት ጥያቄ ይዤ እገባለሁ" አለችኝ። ግን ሽቶ ትወድ ነበር። ማታ ማታ፣ የማን ልብስ እንደሆነ ሳትነግረኝ፣ ኮሌታ ላይ የገጠማትን ታወራልኛለች። "ዛሬ የተቃጠለ ስኳር ነበር።" "የዛሬው ታክሲ ውስጥ የሚንጠለጠለው ነው።" አንዳንዴ ደግሞ፣ "ጥሩ ነበር፣ ግን የኔ አይደለም።" የእሷ የትኛው እንደሆነ ጠይቄያት "ሲመጣ አውቀዋለሁ" ብላኛለች።

የመጣው በ2006 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት የምትቆም ደላዊት የምትባል ጠበቃ አረንጓዴ የሱፍ ሻርፕ አመጣች። ማታ ፋዮ እራት ሳትነካ ቁጭ አለች።

"ሂርጳ፣ ዛሬ ሾላ ሸተተኝ።"

"አብነት ላይ ምን ሾላ አለ?"

"ሻርፕ ላይ። ፍሬው አይደለም። ቅጠሉን ስትቀጥፈው ወተቱ ጣት ላይ ሲቀር፣ እሱ።"

እናቷ ጉደር ወንዝ ላይ ስታጥብ ቀለም ያለውን ልብስ እንዳይለቅ ከፀሐይ አሽሽታ የምታሰጣው ሾላ ጥላ ሥር ነበር። የፋዮ ሥራ ልብሱን እየጠበቁ መቀመጥ ነበር። ቁጭ ብላ ቅጠል ትቀጥፋለች።

"ሽቶው ምን እንደሆነ ጠይቂያታ" አልኳት።

"ምን ብዬ? ሻርፕሽን ሳሸት ነበር ብዬ?"

ደላዊት ሻርፑን ልትወስድ ስትመጣ ፋዮ "ነገ" አለቻት። በማግስቱም "ነገ" አለቻት። ፋዮ ሁለቴ "ነገ" ስትል እኔ ሰምቼ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ሻርፑን አጣጥፋ፣ ፌስታል ውስጥ ከትታ ሰጠቻት። ሒሳቡን አልቀበል ብላ "በሌላ ጊዜ" አለቻት።

ቅዳሜ ጠዋት ደላዊት ተመልሳ መጣች። እኔም ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። ሻርፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"እትዬ ፋዮ፣ ይሄን ውሃ ነክቶታል?"

ፋዮ ካውያዋን አቆመች።

"ፍርድ ቤት ሳምንቱን ሙሉ ሲዋሹኝ ነው የሰነበትኩት። እርስዎ ደግሞ ዝም ይበሉኝ።"

"አልነካውም።"

"ለምን?"

"ሽታው እንዳይሄድብኝ።"

ደላዊት አየቻት አየቻትና የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሳቋ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። "እኔ እኮ ያመጣሁት ሽታው እንዲሄድልኝ ነው። እጄ ከብዶ ረጭቼበት ችሎት ላይ ራሴን ሲያዞረኝ ዋለ።"

ፋዮም መሳቅ ጀመረች፤ ፊቷን ግን ወደ ካውያው አዙራ ነው። "ምንድን ነው እሱ?" አለች።

"የበለስ ቅጠል ይላል ካርቶኑ። ሜክሲኮ፣ ሰላሃዲን ሽቶ ቤት። ቀድመው ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?"

"የደንበኛ ልብስ ላይ ያለ ነገር አልጠይቅም።"

"እኔን ይጠይቁኝ። ባሌን ብቻ እንዳይጠይቁት።"

ሻርፑን ፋዮ በዚያው ሰዓት፣ ደላዊት ቁጭ ብላ እያየች አጠበችው። እኔ በለስና ሾላ ዘመዳሞች መሆናቸውን ለፋዮ ነገርኳት። "ይታወቃል" አለችኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሜክሲኮ ሄድን። መንገዱ ለባቡሩ ተቆፋፍሮ በሳንቃ ላይ ነው የተሻገርነው። ሰላሃዲን ጠባብ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

"እናቴ፣ በለስ የሚባል ሦስት ዓይነት አለኝ" አለና የመጀመሪያውን ወረቀት ላይ ረጨላት።

"ይሄ ማርማላታ ነው።"

ሁለተኛውን ሰጣት።

"ይሄ ደግሞ ኬክ ቤት።"

"እናቴ፣ ሽቶ ሊገዙ ነው የመጡት ወይስ ምሳ ሊበሉ?"

ሦስተኛውን እጇ ላይ አስረጨች። ደግማ አሸተተችው። ሰላሃዲን ካርቶኑን ሊያሽግ ሲነሳ "ቆይ፣ ይዋልልኝ" ብላው ወጣች። በታክሲ፣ በደረጃው ላይ፣ ቤት ከገባንም በኋላ የእጇን አንጓ ወደ አፍንጫዋ እየወሰደች ቆየች። ሲመሽ "ቅጠሉ ሄደ፣ አሁን ግንዱ መጣ" አለች። ሌላው ሽቶ ሲውል ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ይሄ ዛፉ ውስጥ ነው የገባው፣ ብላ ነገረችኝ። የእሷ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ በፊት በዚያው እጇ የኔን ነጭ ሸሚዝ ተኩሳ ሰጠችኝ።

"አሽትተው።"

አሸተትኩት። ቀጭን ነበር፣ ግን ነበር። ልዋሻት ፈልጌ አልቻልኩም።

"ይሸታል?"

"ይሸታል።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "በቃ፣ የኔ አይደለም ማለት ነው" አለች። ከዚያ ተነስታ እጇን በሎሚ መፈተግ ጀመረች። የሰው ልብስ ምንም ሳይሸት መመለስ እንጀራዋ ብቻ አልነበረም፤ ሰው የሚያምናት በእሱ ነው። በሽቶ ልትለውጠው አትችልም። ግን ስትፈትግ እጆቿን ሳይ፣ ለሾላ ብላ ሳይሆን ለዚህ ሁሉ ዓመት ብላ የምታዝን መሰለኝ።

"ሱቁ የሚዘጋው ስንት ሰዓት ነው?" አልኳት።

"አሥራ ሁለት። አታውቅም?"

"ከዚያ በኋላ የማንን ልብስ ነው የምትነኪው?"

ሎሚውን ይዛ ቆመች። "ያንተን" አለች።

"የኔ ይሽተት።"

ሽቶውን በዚያው ሳምንት ገዛችው። ጠርሙሱ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ካርቶን ውስጥ ሆኖ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ይውላል። ሱቁ ውስጥ ተከፍቶ አያውቅም። ማታ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን ሁለቴ ነቅንቃ፣ ደጅ ቆማ አንዴ አንገቷ ላይ አንዴ ክንዷ ላይ ትረጫለች። ከዚያ በእግሯ ወደ ልደታ። ቀድሞ በታክሲ ነበር የምትመጣው። የሕንፃችን ጥበቃ አምባዬ በሩን ሲከፍትላት "ወይዘሮ ፋዮ፣ ዛሬ ደግሞ የማን ሰርግ ነው?" ይላታል። "የኔ ነው፣ አልጠራሁህም እንዴ?" ትለዋለች። ይህንን ሳይሰለቻቸው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ተባብለዋል። የኔም ሸሚዞች መሽተት ጀመሩ። መዝገብ ቤት አንዲት ባልደረባዬ ምን ሽቶ እንደምቀባ ጠየቀችኝ፤ የሚስቴ ነው አልኳት። ማታ ለፋዮ ስነግራት ደስ ብሏት ሁለቴ አስደገመችኝ።

በዚያ ሰኞ ማታም መብራቱ ጠፍቶ፣ ኮቱን አንጠልጥላ፣ ደጅ ቆማ ተረጨች። ነገሪ አይቷታል። ኮንዶሚኒየሙ መግቢያ ላይ ፍሰሐ ሱቅ ዳቦ ገዛች። ፍሰሐ ለልቅሶ ሲመጣ እንደነገረኝ፣ "ክንዴን እንዳይነካው ራቅ አድርገህ ስጠኝ" ብላዋለች። እሱም "ሽቶው ዳቦው ላይ ቢያርፍ እኔ ዋጋ እጨምራለሁ" ብሏት ሳቁ።

ደረጃው ጨለማ ነበር። ሻማ ይዤ ስከፍትላት ፌስታሉን በጣቷ አንጠልጥላ፣ ክንዷን ወደፊት ዘርግታ ቆማለች። ገብታ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "አሽትተው" አለችኝ። አሸተትኩት። ዳቦ ዳቦ ነበር የሚሸተው። ነገርኳት፤ ሻይ ጣድን።